የእናቴ ስምንት ሰከንድ

እናቴ ተኩስ የተማረችው በእንጨት ጠመንጃ ነው፤ ጥይቱንም በአፏ ነበር የምትተኩሰው። የሚያስቃችሁ ከሆነ ሳቁ፣ አልቀየምም። እኛም መጀመሪያ ላይ እንባችን እስኪመጣ ስቀናል።

እናቴ የአንድ የገበሬዎች ማኅበር የድንች ዘር መጋዘን በር ላይ ፈታሽ ነበረች። የሚገቡትንና የሚወጡትን ሴቶች እሷ ትፈትሻለች፣ ወንዶቹን ክላሽ ያነገበው የሥራ ባልደረባዋ። ከትምህርት ቤት ስመለስ መንገዴ በዚያ በኩል ስለሆነ በየቀኑ አያታለሁ። ቤት ውስጥ አጭር ሴት ናት። ሰማያዊውን የደንብ ልብስ ቀሚስ ለብሳ በሩ ላይ ስትቆም ግን ትረዝማለች፤ ይህን ለማንም ብናገር አያምነኝም፣ እኔ ግን በዓይኔ ያየሁት ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ቤታችን የቆመው በዚያ በር ነው።

አምና ክረምት መጋዘኑ ተሰረቀ። ማኅበሩ ስብሰባ ጠራና ከእንግዲህ መሣሪያ የማይዝ ጥበቃ አይኖርም ብሎ ወሰነ። የተኩስ ፈተና ያለፈ ይቀጥላል፣ የወደቀ ይሰናበታል፣ ወንድ ሴት አይልም። ሁለት ወር ሰጧቸው።

ፈተናው ሲነገር ቀላል ነው። ጠመንጃው ትከሻ ላይ እንደተንጠለጠለ ትቆማለህ። ፊሽካ ሲነፋ “ቁም፣ ማነህ” ብለህ ትጮሃለህ፣ ምክንያቱም ጥበቃ ሳይጠይቅ አይተኩስም። ከዚያ መሣሪያውን ታወርዳለህ፣ ትንበረከካለህ፣ ሦስት ዒላማ ላይ ሦስት ጥይት ታሳርፋለህ። ይህ ሁሉ በስምንት ሰከንድ ውስጥ ነው። ሁለተኛው ፊሽካ ሲነፋ ያልተተኮሰ ጥይት ከቀረህ ወድቀሃል።

እናቴ ያን ቀን ቤት ገብታ ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

“ስምንት ሰከንድ ምን ያህል ነው?” አለችኝ።

ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። ቁጥሩ ሲሮጥ አይታ፣ ስምንት ላይ ሲደርስ፣ “ይኼማ አንድ ጊዜ ማማተብ ነው” አለች።

ጎረቤታችን የድሮ ወታደር ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ አስር አለቃ ነው የሚላቸው። አንድ እግራቸውን ስለሚያማቸው የቀርከሃ በርጩማቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት፤ የትም ሲደክማቸው እዚያው ይቀመጡበታል። እናቴ ስትነግራቸው አልሳቁም። በማግስቱ ከጓሯችን ጀርባ ካለው የዲከረንስ ዛፍ አንድ ግንድ ቆርጠው ጠመንጃ ጠረቡላት። ክብደቱ እንዲመጣ አሮጌ የማረሻ ብረት ከሥሩ አሰሩበት። ከላዩ ደግሞ ቀጭን የቀርከሃ ቱቦ ገጠሙ፤ ማነጣጠሪያው እሱ ነው። እውነተኛ ጥይት የማይታሰብ ነበር፤ ከተማው ውስጥ ተኩስ ሲሰማ ሱቅ የሚዘጋበት፣ ሰው ልጆቹን ከመንገድ የሚሰበስብበት ጊዜ ነው።

ሦስት ባዶ ማዳበሪያ አጥሩ ላይ ሰቀልን። መሃላቸው ላይ በከሰል ክብ አደረግሁ። እናቴ ሃያ እርምጃ ርቃ ቆመች። አስር አለቃ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው በጣታቸው አፏጩ።

“ቁም፣ ማነህ” አለች እናቴ።

“እሱ ሰላምታ ነው” አሉ አስር አለቃ። “ሌባው እግዚአብሔር ይመስገን ብሎሽ ይገባል። ድገሚ።”

ደገመች። ጠመንጃውን አወረደች፣ ተንበረከከች፣ አነጣጠረች። ከዚያ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ “ጧ” አለች። ትንሽ ቆይታ “ጧ”። ሦስተኛውን እኔም አልሰማሁት።

“ጥይትሽ ታፍራለች እንዴ?”

“ኧረ አስር አለቃ፣ ጎረቤት ይሰማል።”

“ይስማ እንጂ። ጎረቤት ካልሰማ ሌባ ይሰማል?”

ጎረቤት እውነትም ሰማ። ከአጥሩ ማዶ ያሉት ሴትዮ አንገታቸውን ብቅ አድርገው፣ “ዛሬ ማንን ገደልሽ?” አሏት።

“ሦስት ማዳበሪያ።”

“በይ ቶሎ ቅበሪያቸው፣ ለቅሶ ልድረስ።”

የመጀመሪያው ቀን አስራ አራት ሰከንድ ነበር። የሚጠብቀን መንገድ ረጅም ነው፤ ግን ደስ ይል ነበር። ከሥራዋ ስትመለስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ዝናብ ካልያዘን በየቀኑ ጓሮ እንወጣለን። አስር አለቃ አንዲት ሳንቲም ጠመንጃው ጫፍ ላይ ያስቀምጡና ሦስቱንም ጧ እስክትጨርስ ሳንቲሟ እንዳትወድቅ ይላሉ። ሳንቲሟ ጭቃ ውስጥ እየገባች ስንቴ እንደፈለግናት አልቆጠርኩም። የእኔ ሥራ ሁለት ነበር። አንደኛው ሰዓት መያዝ። ሁለተኛው፣ እናቴ ጧ ስትል “እንዳትነቃነቂ” ብዬ እሮጥና ጉንጬን ጉንጯ ላይ አስጠግቼ በቱቦው አያለሁ። የከሰሉ ክብ ቱቦው ውስጥ ካለ መትታለች፣ ከሌለ ስታለች። በአስር ቀን ውስጥ መሳት አቆመች። ክቡ ቱቦው መሃል ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ጉንጯ ይሞቃል፣ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቀኛለች። ከእናቴ ጋር እንደዚያ ተጠጋግተን የነበርንበት ሌላ ጊዜ አላስታውስም።

ፍጥነቱ ግን አስራ ሁለት ላይ ሲደርስ ቆመ።

በዚያው ሰሞን ዳንግላ ያለችው የአስር አለቃ ልጅ ወለደችና እሳቸውና ባለቤታቸው ለአራስ ጥየቃ ሄዱ። ሲሄዱ በርጩማቸውን ብብታቸው ሥር አድርገው በራችን ላይ ቆሙ።

“ሰዓቱ ባንቺ እጅ ነው” አሉኝ። “እናቴ ናት ብለሽ እንዳታዝኚላት።”

“እሺ አስር አለቃ።”

“እሺ ማለት ቀላል ነው” አሉና ሄዱ።

አንድ ሳምንት ያህል አላዘንኩላትም። አስራ ሁለት፣ አስራ ሁለት ተኩል፣ አስራ ሁለት። ከዚያ አንድ ቀን እናቴ ልብሷ እስኪጨመቅ ዝናብ መትቷት ገባች። ባልደረባዋ በሩ ላይ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “አንቺ እጅሽ የሴት ኪስ ለመዳበስ ነው፣ ቃታ ሌላ ነገር ነው” ብሏታል። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ የሷን ሳቅ ደግሞ እኔ አውቀዋለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ጓሮ ወጣን። ጮኸች፣ አወረደች፣ ተንበረከከች፣ ጧ ጧ ጧ። ከዚያ እዚያው እንደተንበረከከች እጆቿን ገልብጣ አየቻቸው፤ እንደ ሌላ ሰው እጅ።

“ስንት?”

ስልኩ አስራ ሁለት ይላል።

“አስር” አልኩ።

ዞር አለች። ፊቷን ብታዩት። “አስር? በእናትሽ?”

“አስር።”

ያን ምሽት ድንች ስትልጥ ታንጎራጉር ነበር፤ በአዊኛ፣ አያቴ ቤት ስንሄድ ብቻ በምትዘፍነው ዜማ። እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ለሰው ደስታ መስጠት እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። በሒሳብ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ቀኑን ጽፌ አጠገቡ አስር አልኩ። በሦስተኛው ቀን ዘጠኝ ተኩል። በሳምንቱ ዘጠኝ። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ወደ አስራ ሁለት መመለስ አይቻልም፤ አስራ ሁለት ብል ምን ሆንኩ ትላለች። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ታች ነበር። ስምንት ተኩል ስላት ማማተብ ጀመረች። ሰባት ስላት ከአጥሩ ማዶ ያሉትን ሴትዮ ጠርታ ነገረቻቸው።

እውነተኛው ቁጥር አስራ አንድ ነበር።

የባሰውን ልንገራችሁ። ሰከንዶቹ የት እንደሚጠፉ አይቼ ነበር። ስትንበረከክ ቀኝ እጇ ጠመንጃውን ይተወውና ወደ ቀሚሷ ጠርዝ ይወርዳል፣ ጨርቁን ይሰበስባል፣ ከጉልበቷ ሥር ይከታል፣ ከዚያ ተመልሶ ይመጣል። በቤተ ክርስቲያን፣ ድንች ሲለቀም፣ ገበያ ሲቀመጡ፣ እኛ ዘንድ ሴት ሁሉ እንደዚያ ነው የምትንበረከከው። ማንም አላስተማረንም፤ እኔም ሳላስበው አደርገዋለሁ። እናቴም አታውቀውም። አስር አለቃም አላዩትም፤ ዕድሜ ልካቸውን ሴት እንደዚያ ስትንበረከክ ያዩ ሰው ናቸው። ያየሁት እኔ ነኝ፣ ቁጥሩን ስለምጠብቅ። ሦስት ሰከንድ ያህል እዚያ ነበር፣ ቀሚሷ ጠርዝ ላይ። “እማዬ፣ እጅሽን ተይው” ብላት ያልቅ ነበር። ግን እንደዚያ ለማለት መጀመሪያ “አስራ አንድ ነሽ” ማለት ነበረብኝ። ሰባት ለሆነ ሰው ምን ይስተካከላል?

እሷም ሰባት ነኝ ብላ ስላመነች መጣደፉን ተወችው። “ፍጥነቱን እግዜር ሰጥቶኛል፣ አሁን ዓይኔን ላጥራ” አለችና ቀስ እያለች ማነጣጠር ጀመረች። እኔ ያንንም ጻፍኩት፤ ሰባት።

ፈተናው ሳምንት ሲቀረው ሱሪ ተሰጣቸው። እናቴ በሕይወቷ ሱሪ ለብሳ አታውቅም። ክፍሏ ውስጥ ገብታ ለረጅም ጊዜ አልወጣችም።

“እማዬ፣ ውጪ እንጂ።”

“ሰው አለ?”

“ማንም የለም።”

ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ወጣች፤ ሱሪው ከሥር በትንሹ ይታያል። ሁለታችንም ሳቅን። ነጠላውን አስወልቄ ጓሮ አስወጣኋት። ስትንበረከክ እጇ ወረደ። ቀሚስ የለም። ጣቶቿ አየር ሰበሰቡ፣ ጉልበቷን መታ መታ አደረጉና ተመለሱ። በሆዴ ሳቅሁ። ሰባት።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ሁሉንም ወስደው በእውነተኛው ክላሽ አለማመዷቸው። ሰዓት አልተያዘም፣ ድምፁን እንዲለምዱት ብቻ ነው። እናቴ ትከሻዋ ጠቁሮ መጣች። ሸሚዟን ገፋ አድርጋ አሳየችኝ። “ሰደፉ ነው” አለች፣ ሜዳልያ እንደሚያሳይ ሰው። ካለማመዷቸው ሁሉ አንድም ያልሳትኩ እኔ ነኝ አለች። እውነቷን ነበር።

የፈተናው ቀን ጠዋት ሰው እንዳይደነግጥ አንዲት ባጃጅ በድምፅ ማጉያ ከተማውን እየዞረች ተናገረች። ቦታው ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ ያለ ድንጋይ የሚወጣበት ካባ ነው፤ ጥይቱን ገደሉ ይቀበለዋል። ቤተሰብ ከገመድ ወዲህ ቆመን እናያለን። አስር አለቃ ከዳንግላ በዋዜማው ተመልሰው ስለነበር በርጩማቸውን አጠገቤ ተከሉ።

“ስንት ደረሰች?”

“ሰባት።”

“ጎበዝ” አሉና ጉልበታቸውን መታ አደረጉ።

ባልደረባዋ በስድስት ተኩል ጨረሰ፣ አንዱን ቢስትም አለፈ፤ ከሦስት ሁለት ይበቃል፣ ሦስቱ በጊዜው ከተተኮሱ። ከዚያ እናቴ ገባች። ፊሽካው ተነፋ።

“ቁም፣ ማነህ።”

እንደዚያ ስትጮህ ሰምቼ አላውቅም። ካባው መልሶ ጮኸ። ከኋላችን ያሉ ወንዶች “ወይ እናትዬ” አሉ። ጠመንጃው ወረደ። ተንበረከከች። እጇ ወረደ፣ ጉልበቷን ነካ፣ ተመለሰ። እኔ ብቻ ነበርኩ የማየው። አነጣጠረች፣ ረጋ ብላ፣ ጊዜ እንዳለው ሰው። አንድ። ሁለት። ፊሽካው ተነፋ።

ሦስተኛው ጥይት ጠመንጃው ውስጥ ቀረ።

ዒላማውን ሊያይ የሄደው ሰው ከሩቅ፣ “ሁለቱም መሃል ለመሃል ናቸው” ብሎ ተጣራ። እናቴ እንደተንበረከከች ነበረች፤ አንዱ መጥቶ መሣሪያውን ከእጇ ሲቀበላት ፊሽካውን የነፋውን ሰው ዞር ብላ አየችው፣ የተሳሳተው እሱ ነው ብላ።

አስር አለቃ የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። “ደብተርሽ ላይ እውነት ሰባት ነው የሚለው?” አሉ። ሁለተኛ አልጠየቁኝም።

እናቴ ማታውን አላለቀሰችም፤ ተቆጣች። “ፊሽካውን አስቀድሞ ነፍቶብኛል” አለች። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ፣ “ተነሺ፣ ደብተርሽን ያዢ” አለችኝ። ማኅበሩ ቢሮ ሄድን። ሊቀመንበሩ፣ የጥበቃ ኃላፊውና አንዲት ጸሐፊ ተቀምጠዋል።

“እኔ ፈተናው ሳይደርስ ሰባት ሰከንድ ገብቻለሁ” አለች እናቴ እንደቆመች። “ተሳስታችሁ ነው አልልም፣ ሰዓት ይሳሳታል። ልጄ በስልክ ይዛልኝ በየቀኑ ጽፋዋለች። ይኸው።”

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ሊቀመንበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ መነጽራቸውን አድርገው የመጨረሻውን ገጽ ገለጡ። ጽሑፌ ያምራል። ቀን በቀን፣ መስመር በመስመር። አንብበው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ ይህን አንቺ ነሽ የጻፍሽው?”

“አዎ።”

“ስልኩ ላይ ያየሽውን ነው?”

“እሷ አትዋሽም” አለች እናቴ።

ይህን ባትል ኖሮ ምናልባት አዎ እል ነበር። አላውቅም። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።

“አይደለም” አልኩ። “አስራ አንድ ነበረች። ደስ እንዲላት ብዬ ነው።”

ጸሐፊዋ አልጻፈችውም። ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ደብተሩን ቀስ ብለው ዘጉና በሁለት እጃቸው ለእናቴ መለሱላት፤ ሐዘንተኛ ቤት የሆነ ነገር እንደሚሰጥ ሰው። “በቃ፣ እኅቴ” አሏት። እናቴ ደብተሩን ተቀበለች፣ እጅ ነሳች፣ ወጣች። እኔም ተከተልኳት።

ባጃጅ አልያዝንም። ጭቃውን እየዘለልን በእግራችን ነው የተመለስነው። እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። መናኸሪያውን ካለፍን በኋላ ሳትዞር ተናገረች።

“አስራ አንድ?”

“አንዳንዴ አስራ ሁለት።”

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ዝናብ ከመታሽ ቀን ጀምሮ።”

ትንሽ ሄደች። “ምን ነበር የሚያዘገየኝ? አይተሽዋል?”

ነገርኳት። መንገዱ መሃል ቆመች። እጇን ወደ ቀሚሷ ጠርዝ አወረደች፣ አየችው። ሰዎች በግራና በቀኝ ያልፉናል፣ አንድ ሚኒባስ ጡሩንባ ነፋብን።

“ይኼን ብቻ?” አለች።

“ይኼን ብቻ።”

“ሁለት ወር ነበረኝ እኮ፣ ልጄ” አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀሚሷን ለቀቀችና መንገዷን ቀጠለች።

ከዚያ በኋላ በቤታችን ወሬ አነሰ። ብዪ፣ ጠጪ፣ ተኚ ብቻ ነው። የደንብ ልብሱን አጥባ ተኮሰችው፤ ቀሚሱን፣ ሱሪውን፣ ባርኔጣውን፣ ቀበቶውን። እሷ ልትመልሰው አልቻለችም፤ በሩን ማለፍ አለባት፣ በሩ ላይ ደግሞ ሌላ ሰው ቆሟል። “አንቺ አድርሺልኝ” አለችኝ።

ወሰድኩት። ዕቃ ክፍል ያለው ሰውዬ አንድ በአንድ አይቶ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠና ፈርሚ አለኝ። ፈረምኩ። ሌላ ምንም አላለም። የጥበቃ ኃላፊው በበሩ ሲያልፍ አየኝ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ያውቃል፤ ስልክ እያወራ ነበር፣ አለፈ። ባልደረባዋም በሩ ላይ ነበር። ከአዲሱ ሰው ጋር እየሳቀ “በይ ግቢ፣ በይ ውጪ” ብቻ ነው ያለኝ።

ቤት ስደርስ እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ እህል ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል ጠየቀችኝ።

“ተቀበሉሽ?”

“ተቀበሉኝ።”

ትንሽ ለቀመች። “ስለ እኔ የጠየቀ አለ?”

መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሁሉም እንዴት ናት ብለውሻል፣ ሰላም በይልን ብለዋል፣ በሩ ያላንቺ ባዶ ሆነ ብለዋል። ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃ ነበር። ፊቷም እንደዚያ ቀን ይበራ ነበር።

“የለም” አልኩ። “ማንም አልጠየቀም።”

እጇ እህሉ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ቢሮ ከወጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብላ። ዓይኗ ሞልቶ ነበር።

“እሺ” አለች። ከዚያ ሰፌዱን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ተቀመጥኩና አብረን ለቀምን።